ባዶ ሆኖ «ሞልቷል» የሚል ዲስክ

በአገራችን ኮምፒውተር የሚሞተው በሦስት ቃል ነው፦ «ይሄ አሮጌ ነው»። ምርመራ የለም፣ ሁለተኛ ሐኪም አይጠራም። አንዱ ይመጣል፣ ማውዙን ነካ ነካ ያደርጋል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ሦስቱን ቃላት ይናገራል። ከዚያ ማሽኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባና የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ አቧራ ይጠጣል። ኮሚቴው ደግሞ አይሰበሰብም።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ምህንድስና ተምሬ፣ አዲስ አበባ ተቀምጬ፣ ኮድ እየጻፍኩ ነው እንጀራዬን የምበላው፤ ዘመዶቼ ያሉት መካነ ሰላም ነው። ይህን የምጽፈው ሦስቱን ቃላት ለመክሰስ ነው። ክሱ ሰፊ አይደለም፤ ስለ ድህነትም ስለ ትምህርት ጥራትም በጅምላ አላወራም። የማወራው ስለ አንድ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ስንት ደህና ማሽን በቁሙ እንደሚያስቀብር ስታዩ ትናደዳላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከተናደድኩ ቆይቻለሁ።

ቁጥሩ ይኸውላችሁ፦ 2,147,483,647።

ከየት መጣ? በድሮ ፕሮግራሞች ውስጥ (በብዙ አዳዲሶችም ውስጥ) አንድ ተራ ቁጥር የሚቀመጠው በ32 ቢት ነው። ከ32ቱ አንዱ ቢት ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ይይዛል። ለመቁጠሪያ የሚቀሩት 31 ናቸው፤ በ31 ቢት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ያ ነው። ሁለት ቢሊዮን ከምናምን።

ገጠር ላደገ ሰው ነገሩ አይከብድም። አውድማ ላይ ገብስ እየተሰፈረ ነው እንበል። ሰፋሪው ቁናውን እየሞላ ይገለብጣል፣ ቆጣሪው በጣቱ ይቆጥራል። አሥር ጣት አለው፣ ወረቀት የለውም። አሥራ አንደኛው ቁና ሲገለበጥ ጣቶቹን ሁሉ ዘርግቶ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ጎተራ የገባው ገብስ የትም አልሄደም። ቆጣሪውን ብትጠይቁት ግን «አንድ ቁና» ይላችኋል፤ ያውም ምሎ። ኮምፒውተር ደግሞ ከዚህ የባሰ ጠባይ አለው፤ ጣቱ ሲያልቅበት የሚገለበጠው ወደ ዕዳ ነው። ከ2,147,483,647 ቀጥሎ የሚመጣው −2,147,483,648 ነው። የሞላ ጎተራ በአንድ ቁና ልዩነት ባለዕዳ ሆኖ ቁጭ!

እንግዲህ ጥያቄው የቁናው ስፋት ነው። ባዶ ቦታን በባይት የሚቆጥር ፕሮግራም ጣቱ የሚያልቀው 2 ጊጋባይት ላይ ነው። 3 ጊጋ ባዶ ቦታ ስታሳዩት −1,073,741,824 ብሎ ያነበዋል። በኪሎባይት የሚቆጥር ፕሮግራም ደግሞ እስከ 2 ቴራባይት ድረስ ሰላማዊ ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያው ጉድ ይመጣል። ጣቱ ያው አሥር ነው፤ የተለያየው ቁናው ብቻ ነው።

ይህን የጻፉት ሰዎች ደንቆሮ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የዶስና የዊንዶውስ 95 አንድ የዲስክ ክፍል ራሱ ከ2 ጊጋባይት አያልፍም ነበር። ኔትወርክ ላይም ቢሆን ያው ነው። ዩኒክስ ማሽኖች ፋይል የሚጋሩበት የኤንኤፍኤስ ሁለተኛው ስሪት (ሰነዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው) የፋይልን መጠን በ32 ቢት ነበር የሚይዘው፤ ወደ 64 ቢት ያደገው በ1995 በወጣው በሦስተኛው ስሪት ነው። የዊንዶውሱ መንገድ ኤስኤምቢ በመጀመሪያ መልኩ «ዲስክህ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስባቸው ቦታዎች እያንዳንዳቸው 16 ቢት ብቻ ነበሩ። ለዘመኑ ይበቃ ነበር፣ ይተርፍም ነበር።

አንድ ማሽንና የራሱ ዲስክ እኩዮች ናቸው፤ አብረው ይገዛሉ፣ አብረው ያረጃሉ። ባለ 80 ጊጋ ዲስክ ማሽን ላይ የተጫነ፣ በኪሎባይት የሚቆጥር ፕሮግራም ዕድሜ ልኩን 2 ቴራባይት የሚባል ነገር ሳያይ ይኖራል። ጣጣው የሚመጣው በኔትወርክ ነው። አንድ ቀን ከሌላ ዘመን የመጣ ጎተራ በገመድ ይያያዝለታል፤ «ዜድ» የሚባል ድራይቭ ሆኖ ከፊቱ ይገተራል፤ ቆጣሪው ጣቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ያጥፋል፣ ከዚያ ወደ እናንተ ዞሮ «ዕዳ አለብን» ይላል።

መካነ ሰላም ላይ ያየሁት ይህንን ነው። ከደሴ በአቅስታ በኩል ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ የወጣ ሰው ደጋውን ያውቀዋል። ለዘመድ ጥየቃ ሄጄ ሳለ በአካባቢው ያለ የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ቤት ድረስ መጣ። የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ነው።

«ኮድ ትጽፋለህ አሉ» አለኝ። «እስቲ ና፣ ይቺን ጉድ እያት።»

ጉዷ እንዲህ ነች። ትምህርት ቤቱ 22 ኮምፒውተሮች አሉት፤ ግማሾቹ ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ግማሾቹ ዊንዶውስ 7። የቤተ መጻሕፍት መመዝገቢያ ፕሮግራም አላቸው፤ ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም፣ ግን ለዓመታት ያለ ችግር ሠርቷል። መጻሕፍቱ ሁሉ የተመዘገቡት እሱ ላይ ነው። በጨረታ አዲስ የኔትወርክ ማከማቻ ተገዛ፤ ባለ 8 ቴራባይት። የፕሮግራሙ ዳታ ወደዚያ ተዛወረ። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ፕሮግራሙ «በዲስኩ ላይ በቂ ቦታ የለም» አለና ተዘጋ። ዲስኩ ባዶ ነው! ትናንት ከካርቶን የወጣ ዲስክ ነው!

የአቅራቢው ባለሙያ ተጠራ። አየ። ከንፈሩን መጠጠ። «ኤክስፒ ከ2 ቴራባይት በላይ አያይም። ማሽኖቹ አሮጌ ናቸው፣ ይቀየሩ።» ደብዳቤ ተጻፈ፣ 22ቱም ከአገልግሎት ውጪ እንዲሆኑ ተጠየቀ፣ ሞዴል 19 ተቆርጦ 11ዱ ግምጃ ቤት ገቡ። የቀሩት ያልገቡት ግምጃ ቤቱ ስለጠበበ ነው።

ልጁ ግን ጎበዝ ነው፤ አንድ ነገር አስተውሏል። «እንዳትስቅብኝ» አለ። «ዊንዶውስ 7ቱም ላይ ያው ነው የሚለው። ደግሞ ለተማሪዎች ቪዲዮ ስጭንበት ጊዜ ሠርቶ ነበር።»

«ስንት ጫንክበት?»

«ከአንድ ቴራ ከምናምን በኋላ። ሰውዬው ስነግረው ቫይረስ ነው አለ።»

ቫይረስ። እኛ አገር ያልታወቀ ነገር ሁሉ ቫይረስ ነው። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሳጥኑ ላይ 8 ቴራባይት የተባለው በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 7.27 ገደማ ነው። ፕሮግራሙ በኪሎባይት ይቆጥራል። ባዶው ቦታ ከዜሮ እስከ 2 ቴራ ሲሆን ልክ ያነባል። ከ2 እስከ 4 ሲሆን ዕዳ ያነባል። ከ4 እስከ 6 ሲሆን እንደገና ከዜሮ በላይ ይመጣል፤ ቁጥሩ ስህተት ነው፣ ግን ፕሮግራሙ ደስ ብሎት ይከፈታል። ከ6 እስከ 8 ሲሆን እንደገና ዕዳ። ባዶው ዲስክ 7.27 ነው፤ ስለዚህ ዕዳ፤ ስለዚህ «ቦታ የለም»። ልጁ ከ1.3 ቴራ በላይ ቪዲዮ ሲጭንበት ባዶው ቦታ ከ6 በታች ወረደ፤ ፕሮግራሙ ሠራ። እስከ 3.3 ድረስ ቢጭንበት ኖሮ ደግሞ እምቢ ይል ነበር። ባዶ ሲሆን «ሞልቷል» የሚል፣ ሲሞላ «ቦታ አለኝ» የሚል ዲስክ። ቫይረስ የለም፣ መንፈስም የለም። ጣት ነው ያለቀው።

ፈውሱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። (የማከማቻውን የይለፍ ቃል ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቷል፤ የገጠመው ሰው ስልኩን ቀይሮ ነበር። ይህ ራሱን የቻለ ክስ ነው፤ ለሌላ ጊዜ።) እንደ ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሳጥኖች ሁሉ ያም ውስጡ ሊኑክስ ነው፤ ፋይሎቹን ለዊንዶውስ የሚያቀርበው ሳምባ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ሳምባ አንድሩ ትሪጅል የሚባል አውስትራሊያዊ ተማሪ ካንቤራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ስሙ የመጣው ኤስ፣ ኤም እና ቢ ፊደላት ያሉበትን ቃል ከመዝገብ ሲፈልግ ነው፣ ዳንሱ የለበትም። ይህ ፕሮግራም «ማክስ ዲስክ ሳይዝ» የምትባል አንዲት የማስተካከያ መስመር አለችው። እዚያ ላይ በሜጋባይት አንድ ቁጥር ትጽፋላችሁ። ከዚያ ወዲያ ዲስኩ ምንም ያህል ቢሰፋ፣ ለሚጠይቀው ሁሉ «ይህን ያህል ነኝ» ብሎ ያንን ቁጥር ብቻ ይናገራል። እኛ ወደ አንድ ቴራ አካባቢ አደረግነው። ፕሮግራሙ ተከፈተ። መጻሕፍቱ በሙሉ እዚያው ነበሩ።

የሳምባ መመሪያ ስለዚህች መስመር ሲያስረዳ፣ ጥቅሟ በተለይ ከ1 ጊጋባይት በላይ የሆነ ዲስክ ሲያዩ ለሚደናገሩ ፕሮግራሞች ነው ይላል። አንድ ጊጋባይት! ማለት ይህ ችግር አዲስ አይደለም። 1 ጊጋ ትልቅ በነበረበት ዘመን ጀምሮ ታውቋል፣ መልሱም ያኔውኑ ተጽፎ ተቀምጧል። ጠያቂ ነው የጠፋው።

አሁን ያ ባለሙያ ስላላት ነገር ልመለስ፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት የበለጠ ንብረት ታስጠፋለች። ባለ 32 ቢት ኤክስፒ ከ2 ቴራባይት በላይ የሆነ ዲስክ አይችልም የሚለው እውነት ነው፤ ዲስኩ እዚያው ማሽኑ ላይ የተሰካ ሲሆን። የድሮው የዲስክ መክፈያ ሰንጠረዥ ሴክተሮችን በ32 ቢት ይቆጥራል፤ አንድ ሴክተር 512 ባይት ነው፤ ሲባዛ 2 ቴራ ላይ ያልቃል። ዲስኩን በጥሬው በኔትወርክ በሚያቀርበው በአይስካዚ መንገድ ብታያይዙትም ያው ነው። የተጋራ ፎልደር ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ዲስኩን የሚያስተዳድረው ሰርቨሩ ነው፤ ኤክስፒ ሴክተር አይቆጥርም፣ ሰንጠረዥም አያነብም፤ «ይህን ፋይል ስጠኝ» ብቻ ነው የሚለው። ባለ 8 ቴራ፣ ባለ 20 ቴራ ፎልደር ይከፍታል። የወደቀው ኤክስፒ አልነበረም፤ ከላዩ የተቀመጠ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ያለ አንድ ማባዛት ነበር። ለአንድ ማባዛት 22 ማሽን!

«ታዲያ ሰርቨሩ ዋሸ ማለት ነው?» ይለኛል አንድ ጓደኛዬ፤ ኮድ ይጽፋል፣ ንጹሕ ኮድ ይወዳል። አዎ፣ ዋሸ። ግን ውሸቱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መስመሯ የምትከለክለው ንግግርን እንጂ ጭነትን አይደለም፤ የተባለው አንድ ቴራ ቢሆንም ስድስት ብትጭኑ ይጭናል። እውነተኛው ባዶ ቦታ ከተባለው በታች ሲወርድ ደግሞ እውነተኛውን ይናገራል። ማለትም የሚዋሸው ሲተርፈው ብቻ ነው፤ ሲቸግረው አይዋሽም። እንዲያውም የሳምባ ጸሐፊዎች ባዶው ቦታ ከጠቅላላው በአንድ እንዲያንስ አድርገውታል፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ የተያዘው ቦታ ዜሮ ይሆንና በዜሮ ለማካፈል ሞክሮ የሚወድቅ ፕሮግራም እንዳይኖር። የማያውቁት ሰው፣ የማያዩት ማሽን ላይ፣ በዜሮ አካፍሎ እንዳይወድቅ የተጨነቁ ሰዎች ናቸው። ማይክሮሶፍትም ቢሆን በዊንዶውስ 95 ይህንኑ አድርጓል፤ የድሮ ፕሮግራም በድሮው መንገድ የዲስክ ስፋት ሲጠይቀው ከ2 ጊጋ በላይ አይናገርም ነበር። ለአሮጌ ማኪንቶሾች ፋይል የሚያቀርበው ነታቶክም ተመሳሳይ መስመር አለው። እንግዲህ ይህ የመንደር ብልሃት አይደለም። ሙያው ራሱ ያወቀው፣ የተቀበለው፣ የጻፈው አሠራር ነው። ለሰው በሚችለው ቋንቋ መናገር ነው።

«ለምን አዲስ አይገዛም?» ይህኛው ጥያቄ ሁልጊዜ የሚመጣው ከማይገዛ ሰው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ኮምፒውተር አገር ውስጥ አይበቅልም። በጀቱ በብር ነው፣ ዕቃው በዶላር ነው። 22 አዲስ ማሽን የሚባል ነገር ለአንድ የደጋ ትምህርት ቤት ዕቅድ ላይ የሚጻፍ እንጂ በር ላይ የሚራገፍ አይደለም። እስኪራገፍ ድረስ የሚቀመጠው ማን ነው? ተማሪው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ፊዚክሱን ቢያውቀውም መጀመሪያ የሚፈተነው ማውዙን ነው። ግምጃ ቤት የገቡት 11 ማሽኖች ለእርሱ ፈጣን መሆን አይጠበቅባቸውም፤ መብራት አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ ስክሪን አለ። ይበቃው ነበር።

«ክላውድ ላይ አታስቀምጡትም?» ኧረ ወገን! ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ቀናት አልነበረም፣ ወራት ነው። ያን ጊዜ «ክላውድ» ማለት ደጋው ላይ የሚወርደው ጉም ብቻ ነበር። በዚያ ወቅት ለተማሪ ዋጋ የነበረው እዚያው ግቢ ውስጥ ያለ ዲስክ ነው፤ መማሪያ መጻሕፍቱ፣ የቆዩ ፈተናዎች፣ ቪዲዮዎቹ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚነበበው ዊኪፔዲያ። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ በኪዊክስ ተዘጋጅቶ ሲወርድ ከ100 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል ነው። በነገራችን ላይ እዚህም ያው ቁጥር ቆሞ ይጠብቃል፤ ፋት32 የተባለው የፍላሽ አደረጃጀት አንድ ፋይል 4 ጊጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ይህም 32ቱ ቢት ሁሉም ለቁጥር ሲውሉ ነው። ስለዚህ ይህ ፋይል በፍላሽ እየተዞረ የሚታደል አይደለም፤ አንድ ቦታ፣ ትልቅ ዲስክ ላይ ተቀምጦ በገመድ ነው የሚዳረሰው። ትልቅ ዲስክና አሮጌ ማሽን የግድ ይገናኛሉ ማለት ነው። መገናኘታቸው አደጋ አይደለም፣ ዕቅዱ ራሱ ነው።

«ሊኑክስ ጫኑባቸዋ!» ይህኛውን እወደዋለሁ፣ ግማሹን እቀበላለሁም። ለማንበቢያና ለመተየቢያ ማሽኖች ቀላል ሊኑክስ መልካም ነው። ግን አሮጌ ማሽን አሮጌ ሆኖ የሚቀመጠው በማሽኑ ምክንያት ብቻ አይደለም። ሒሳብ አያያዝ የተማረ ሰው ሁሉ ፒችትሪን ያውቃታል። ሴጅ 50 ከተባለች ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ጋ ግን አሁንም ፒችትሪ ናት፣ የሥራ ማስታወቂያ ላይም በስሟ ትጠራለች። ብዙ ሰው አብሮ ሲሠራባት ዳታዋ የሚቀመጠው የት ነው? የተጋራ የኔትወርክ ድራይቭ ላይ። በቪዥዋል ግዕዝ የተተየቡ የቢሮ ደብዳቤዎች አሉ፤ ፎንቱ ከሌለ የማይነበቡ። ያ የመጻሕፍት መመዝገቢያ አለ፤ ጸሐፊው የማይታወቅ። እነዚህን «ጊዜ ያለፈበት» ብሎ መግፋት ቀላል ነው፤ ውስጣቸው ያለው ግን የሰው የዓመታት ሥራ ነው።

አንድ ተቃውሞ ግን አለ፤ እሱን አክብሬ ነው የምመልሰው። ደህንነት። ኤክስፒ የሚናገረው የመጀመሪያውን ኤስኤምቢ ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት ኤክስፒን መደገፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ (ይህኛው እውነተኛ ቫይረስ ነው) ዓለምን ያዳረሰው በዚያው በመጀመሪያው ኤስኤምቢ ቀዳዳ በኩል ነው። ከዚያ በኋላ አዳዲስ ዊንዶውሶች ያንን መንገድ ዘግተው መምጣት ጀመሩ፤ ሳምባም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በራሱ አይከፍተውም። ትክክል ነው፣ እኔም ብሆን እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ኤክስፒ ያለበት ክፍል ኢንተርኔት አይግባበት፤ ገመዱ ለብቻው ይሁን፤ የደመወዝና የውጤት ዳታ ያለበት ሰርቨር ከዚያ ገመድ ጋር አይገናኝ፤ የመጻሕፍትና የቪዲዮ ፎልደሩ ለማንበብ ብቻ ይከፈት፤ ለዚያ መመዝገቢያ ፕሮግራም ትንሽ የራሱ ፎልደር ይሰጠው፣ በየሳምንቱም ሌላ ቦታ ይገልበጥ። መካነ ሰላም ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ዊንዶውስ 7ቱ ሁለተኛውን ኤስኤምቢ ስለሚችል ለእርሱ መንገዱ ይሻላል። ደህንነት በጥንቃቄ የሚሠራ ሥራ ነው። «አሮጌ ነው» የሚለው ሰው ግን ደህንነቱንም አልሠራም፤ ያ አቅራቢ የድሮውን መንገድ ለሁሉም በሩን በርግዶ ነበር የሄደው።

እና ወደ ሙያዬ ልምጣ፤ ዋናው ተከሳሽ እሱ ነውና። ማንኛውንም የሶፍትዌር ሳጥን ገልብጣችሁ አንብቡ። «ዝቅተኛ መስፈርት» የሚል አለ፤ ቢያንስ ይህን ያህል ሜሞሪ፣ ቢያንስ ይህን ያህል ዲስክ። ከፍተኛውን የሚጽፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ከ2 ቴራባይት በላይ ዲስክ ስታሳዩኝ አልቆጥርም» የሚል? የለም። ሙያችን ወለሉን ይለካል፣ ጣሪያውን አይለካም። ሰው ከታች ሲመጣ በር ላይ እናስቆመዋለን፤ እኛ ራሳችን ጣሪያው ሲመታን ግን ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ባዶ ቦታን ሳይጠይቅ ዝም ብሎ መጻፍ የሚጀምርና ሲያቅተው የሚናገር ፕሮግራም ይህ ሁሉ አይደርስበትም። ቦታ መጠየቅ ካለበትም ቁጥሩን በ64 ቢት ይያዘው፤ ኤክስፒ ራሱ 64 ቢት መልስ የሚሰጥ መንገድ ነበረው፣ የሚጠይቅ ነው ያጣው።

«እሱማ ያለፈ ታሪክ ነው» እንዳትሉኝ። ድጋፍ የሚያቆመው ተራ በተራ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ዊንዶውስ 10 ቆመ፤ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ደህና ደህና ማሽኖች ቁጥራቸው ስንት እንደሆነ በየቢሮአችሁ ዞር ብላችሁ ቁጠሩ። ሦስቱ ቃላት ለእነሱም እየተዘጋጁ ናቸው። ያ ቁጥር ራሱ ደግሞ ገና አንድ ቀጠሮ አለው። ብዙ ፕሮግራሞች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ በ32 ቢት የሚቆጥሩት ጣታቸው የሚያልቀው 2,147,483,647ኛው ሰከንድ ላይ ነው። ያ በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሰከንድ ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም ይሆናል፤ አፄ ምኒልክ በዙፋናቸው ላይ ናቸው። ያን ሳምንት የሚጻፈውን ደብዳቤ ከወዲሁ ልጻፍላችሁ፦ ማሽኖቹ አሮጌ ስለሆኑ በአዲስ ይተኩ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ የምጠይቀውም ከሁለት ሰዎች ነው። ጨረታ የምታወጡ፦ «8 ቴራባይት ማከማቻ» ብላችሁ አትቁሙ። ከእሱ ጋር የሚያያዙትን ማሽኖች ዓይነትና ፕሮግራሞቹን በስም ዘርዝሩ፤ አቅራቢው ርክክብ የሚፈርመው በግቢው ውስጥ ካሉት ሁሉ አሮጌው ማሽን ላይ ፕሮግራሙን ከፍቶ፣ ጽፎ፣ ዘግቶ ካሳየ በኋላ ይሁን። የይለፍ ቃሉም በጽሑፍ ይረከብ። ባለሙያዎች፦ «አሮጌ ነው» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ሙከራ አድርጉ። አንድ ትንሽ ፎልደር ኮታ ወስናችሁ አጋሩና ፕሮግራሙ እሱ ላይ ይከፈት እንደሆነ እዩ። ከተከፈተ ማሽኑ ደህና ነው፤ የቁጥር ጉዳይ ነው። ካልተከፈተ ደግሞ አዲስ ማሽን አምጡና ያንኑ ፕሮግራም እሱ ላይ ሞክሩት።

መካነ ሰላም ላይ 11ዱን ማሽኖች ከግምጃ ቤት ለማስወጣት ሞዴል 22 እና አራት ፊርማ አስፈልጓል። ሦስት ሳምንት ፈጀ።